ነጩ ሣጥን ውስጥ የተጣለው ቅጂ

ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። ዓሣ ስገዛ ዓሣውን ትቼ የሻጩን አውራ ጣት ነው የማየው፣ ሚዛኑ ላይ አርፎ እንደሆነ። ዛሬ ሰባ ዓመት ሞልቶኝ እንዲህ ስሆን የሚያዩኝ ሁሉ «እርጅና ነው» ይላሉ። ውሸት ነው። በሃያ አራት ዓመቴ ከዚህ የባስኩ ነበርኩ፤ የምነግራችሁም የዚያን ጊዜውን ነው።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 ነው፣ ሰኔ ላይ። ዝናቡ አላቆም ብሎ የታጠበ ልብስ ሁሉ ቤት ውስጥ የተሰቀለበት ወር። እኔ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክሊኒክ ውስጥ የበሽተኛ ስም እጠራለሁ፣ የመድኃኒት ከረጢት አድላለሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። በሥራዬም በቤቴም «ኦጊዋራ ሂሳኖ፣ ጨዋ ልጅ» የምባል ነኝ። ጨዋዋ ልጅ ግን እሑድ እሑድ ጓደኛዋ ካናኤ ዘንድ እየሄደች ሁለት ወንዶች የሚፋቀሩበት የሥዕል መጽሐፍ ትሠራ ነበር።

አዎ፣ በትክክል ሰምታችኋል። አንድ ቫዮሊን ተጫዋችና ቫዮሊኑን የሚጠግንለት ሰው፣ ሁለቱም ጎልማሶች፣ ሁለቱም አንገተ ረጃጅሞች። እኔ እስላለሁ፣ ካናኤ ታሪኩን ትጽፋለች። እንዲህ ያለውን ነገር ያኔ የሚያሳትመው ድርጅት የለም፣ የሚሸጠው ሱቅ የለም። ቶኪዮ ያሉት ልጆች በዓመት ሁለት ሦስቴ አዳራሽ ተከራይተው እርስ በርስ ይሸጣሉ፤ እኛ ተራራ ሥር ያለነው በፖስታ እንላላካለን። ሴቶች ለሴቶች። ለምን ወንድና ወንድ አትበሉኝ፤ እኔ ሥዕሉን እንጂ ምክንያቱን አላውቅም። ካናኤ ግን «ሴት በሌለችበት ፍቅር ውስጥ ማንም ተነስቶ ሴትን ‹ሻይ አምጪ› አይላትም» ትል ነበር።

ካናኤ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። የእጅ ጽሑፏ ልቅም ያለ፣ እያንዳንዱ ፊደል ወገቡን ይዞ የቆመ የሚመስል ነበር። ሰም የተቀባ ወረቀት ላይ በብረት ብዕር እየጫርን፣ በቀለም ጥቅልል እየዳመጥን፣ አርባ ቅጂ እናወጣለን። ሰኞ ሰኞ ክሊኒክ ስገባ ጥፍሬ ሥር የቀረውን ቀለም ለመደበቅ እጄን ጠቅልዬ ነው የምውለው።

አሁን ያሉት ልጆች የሚስቁብን በአንድ ነገር ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ የአሳታሚውን እውነተኛ ስምና የቤት አድራሻ መጻፍ ግዴታ ነበር። ሕግ ሆኖ አይደለም፤ ልማዱ ነው። አንባቢ በምን ያገኝሻል? ካናኤ አስተማሪ ስለሆነች የእኔን ጻፍን፤ ስሜን፣ ሰፈሬን፣ የቤቴን ቁጥር። እዚያው ገጽ ላይ እያንዳንዱን ቅጂ በእጄ ቁጥር እሰጠዋለሁ፤ የትኛው ቁጥር ማን እጅ እንደገባም በደብተር እይዛለሁ። ቁጥር አንድ የእኔ፣ ሁለት የካናኤ፣ ሃያ ሰባቱ በፖስታ የሄዱ። የተረፉት አሥራ አንዱ ከእኔው ቁጥር አንድ ጋር ካርቶን ውስጥ ሆነው የፍራሽ ቁም ሣጥናችን ውስጥ፣ ከክረምት ብርድ ልብስ ሥር ተቀምጠዋል።

«ሂሳኖ፣ አንቺ እኮ ለፖሊስነት ነበር የተፈጠርሽው» ትለኝ ነበር ካናኤ ደብተሬን እያየች። እንስቅ ነበር።

ባቡር ጣቢያው መውጫ ላይ ደግሞ ነጭ ሣጥን ነበር። የእናቶች ማኅበር ያቆመው ነው፤ ለልጆች የማይሆን መጽሐፍ ያለው ሰው ቤቱ ሳያስገባ እዚያ ይጣለው ተብሎ። አባቶች ባቡር ላይ ያነበቡትን እየተሽኮረመሙ ይከቱታል። ሴቶቹ በወር አንዴ በቁልፍ ይከፍቱና አይተው፣ መዝግበው፣ ያስቆራርጡታል። የማኅበሩ ምክትል ሊቀመንበር ማን ነበረች? እናቴ። በሉ አሁን ሳቁ።

አንድ ሰኞ ወይዘሮ ኩሮይዋ ግፊታቸውን ሊለኩ ክሊኒክ መጡ። በማኅበሩ ከሁሉ የሚተጉት እሳቸው ናቸው። ተራቸው እስኪደርስ መስኮቴ ላይ ተደገፉ።

«ሂሳኖ፣ እናትሽ ነገረችሽ?»

«ምኑን ወይዘሮ ኩሮይዋ?»

«አልነገረችሽማ! አይ እሷ፣ ጨዋ ናት። ከአውራጃው እንግዳ ይመጣል ተብሎ የመክፈቻውን ቀን በአራት ቀን አሳጠርነውና ቅዳሜ ሣጥኑን እኔ ከፈትኩት። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? በእጅ የተሠራ መጽሐፍ! ሥዕል ነው። ወንድና ወንድ ይሳሳማሉ! ገጽ አሥራ ዘጠኝ ላይ። ሁለቴ አየሁት።»

«ሁለቴ?»

«ለማጣራት ነዋ!» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የመጨረሻው ገጽ በምላጭ ተቆርጧል። ሠሪው ራሱን ደብቋል ማለት ነው። ግን የእጅ ጽሑፉን አውቀዋለሁ። የት እንደሆነ ጠፋኝ እንጂ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ። እስኪ ይመጣልኛል።»

የዚያን ቀን ግፊት መለኪያውን እኔ ክንድ ላይ ቢያስሩት ይፈነዳ ነበር። የካናኤ ጽሑፍ እኮ በየቤቱ አለ! አስተማሪዋ ለወላጅ በየቀኑ በምትልከው ደብተር ላይ፣ «ዛሬ በደንብ በልቷል፣ ነገ ጃንጥላ ይያዝ» እያለች የምትጽፍበት ጽሑፍ ነው። የወይዘሮ ኩሮይዋ የልጅ ልጅ ደግሞ የእሷ ተማሪ ነው። ትዝ ያላቸው ቀን ካናኤ ከሥራዋ ትባረራለች፤ ከዚህች ከተማም በሰላም አትወጣም።

ማታ እራት ላይ እናቴን ዓይን ዓይኗን አየኋት። ሩዟን በላች፣ ሾርባዋን ጠጣች፣ «ይሄ ዝናብ ፎጣ እንኳ አላደርቅ አለ» አለችና ሳህን ልታጥብ ተነሳች። ምንም አላወቀችም ብዬ ደመደምኩ።

እንግዲህ ማን ጣለው? አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነገሩን ከሥሩ መረመርኩት። ገጹን የቆረጠው ሰው ቁጥሩ እንዳይታይበት ነው የቆረጠው፤ ቁጥሩን የሚፈራ ደግሞ ከደብተሬ ውስጥ ስሙ ያለ ሰው ነው። ካርቶኔን አየሁ፤ ቦታው ላይ ነው፣ ሲባጎውም በራሴ አስተሳሰር እንደታሰረ ነው። አልከፈትኩትም። ምን ብዬ እከፍተዋለሁ? ቤቴን ልጠርጥር?

ለሃያ ሰባቱም ሰዎች ደብዳቤ ጻፍኩ። «የያዝሽውን ቅጂ የመጨረሻ ገጽ ቆርጠሽ በሳምንት ውስጥ ላኪልኝ፤ ያልላከች ከዚህ በኋላ አንባቢያችን አይደለችም» አልኩ። ያበድኩ ነው የሚመስለው? ገጾቹ ግን መጡ። በየቀኑ አንድ ሁለት ኤንቨሎፕ እየተቀበልኩ ደብተሬ ላይ ምልክት አደርግ ነበር። አንዲት የሃኮዳቴ ከተማ ልጅ ከገጹ ጋር ደብዳቤ ላከች፤ «ቆርጬ ልኬዋለሁ። ሁለተኛ እንዳትልኪልኝ። የምትጠረጥረኝ ሰው የሠራችውን ማንበብ አልፈልግም» ይላል። አንብቤ ስሟ ላይ ምልክት አደረግኩና አጠፍኩት። ምልክት አደረግኩ! ያኔ የገረመኝ ነገር አልነበረም።

ሃያ ሰባቱም ገቡ። ያልታየች አንዲት ቅጂ ቀረች፤ ቁጥር ሁለት።

መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ግን ያ ክፉ ጥርጣሬዬ ተነሳብኝ። ካናኤ በዚያው ሰሞን አማላጅ የላከላትን የአንድ የባንክ ሠራተኛ ፎቶ አሳይታኝ ነበር። እየሳቀች ነበር ያሳየችኝ፤ ግን ፎቶውን ለአማላጁ አልመለሰችም። ልታገባ የምትፈልግ አስተማሪ ከቤቷ ማውጣት ያለባት ነገር ምንድን ነው? እኔው ጠየቅኩ፣ እኔው መለስኩ።

እሑድ ሄድኩ። የአኩሪ አተር አይብ ከሚሸጥበት የቶፉ ሱቅ በላይ ያለች አንድ ክፍል ነው የተከራየችው፤ ደረጃው ሁሌ እርጥብ ነው። ሻይ ቀድታ አዲስ ታሪክ ልታነብልኝ ወረቀት ዘረጋች። የጣቢያውን ጉድ በመጀመሪያው ቀን ነግሬያት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቅጡ እንቅልፍ ሳይወስዳት ቀርቶ ዓይኗ ጎድጉዷል።

«ካናኤ፣ የአንቺንም ገጽ ልየው» አልኳት።

ሳቀች። ቀና ብላ አይታኝ ሳቋን አቆመች። «የእኔንም?»

«የሁሉንም አይቻለሁ።»

«እኔ ‹ሁሉም› ነኝ?»

«አንድ ገጽ ነው ካናኤ። አውጪና አሳዪኝ፤ አለቀ።»

«ቢያልቅማ ጥሩ ነበር» አለች። «አላሳይሽም።»

«ለምን?»

«ካሳየሁሽ አንቺ የምታምኚው ወረቀቱን ነው።»

ይሄን ሰምቼ ዝም ብል ምን ነበረበት? ደሜ ፈላ። «የሚያሳይ የሌለው ሰው ነው እንዲህ የሚፈላሰፈው!» አልኳት። «ሠርግሽን ለማሳመር እኔን ሸጥሽኝ! ገጹን የቆረጥሽው ለእኔ አዝነሽ አይደለም፣ ለቁጥርሽ ፈርተሽ ነው!»

አልጮኸችም። የዘረጋቻቸውን ወረቀቶች አንድ በአንድ ሰበሰበች፤ ሻዬን ሳልጠጣው አነሳችው። «ደረጃው ያዳልጣል፣ ተጠንቅቀሽ ውረጂ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድና ጀርባ ሆንን። መንገድ ላይ ሳያት እኔ ነበርኩ ፊቴን የማዞረው፤ የተበደልኩ መስሎኝ።

ሁለት ሳምንት ሄደ። ወይዘሮ ኩሮይዋ ክሊኒክ የገቡት በሩጫ ነው፤ ግፊታቸውንም አልተለኩ።

«መጣልኝ!» አሉ። «የልጅ ልጄን ደብተር ስፈርም! እዚያው ቁጭ አልኩልሽ። አስተማሪዋ ናት! ያቺ ጭምት መሳይ! መጽሐፉንና ደብተሩን ጎን ለጎን ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት።»

«ምን አለች?» አልኩ።

«አልካደችም። ዓይኗን በጨው አጥባ ‹የእኔ ነው› አለች። ‹ሥዕሉስ?› ቢሏት ‹እሱም የእኔ ነው፣ ብቻዬን ነው የሠራሁት› አለች። ርእሰ መምህሩ ‹እስኪ አንድ ወንድ ሳዪልኝ› ብሎ እርሳስ ሰጣት። ሳለች፤ ዶሮ የሚመስል ነገር። ‹ሲያዩኝ አልችልም› አለች። መልቀቂያ ጽፋለች፤ ዛሬ ቅዳሜም አይደል፣ ነገ ትሄዳለች መሰለኝ።»

የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ? አዘነች እንዳትሉ። «ለምን ብቻዬን አለች? በኋላ ምን ልትጠይቀኝ ነው?» ብዬ ነው ያሰብኩት። እንዲህ ነኝ። ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ማግስቱ እሑድ ረፋድ ላይ እናቴ ሽንብራ መሳይ ባቄላዋን እየለቀመች ሳለ እጇ ቆመ። ወሬው እሷም ጋ ደርሷል።

«ሂሳኖ፣ ተቀመጪ።»

«ምንድን ነው? ቆሜ እሰማለሁ።»

«ያን መጽሐፍ ሣጥኑ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ።»

አልገባኝም ነበር።

«ብርድ ልብስ ላናፍስ ስል አገኘሁት። አየሁት። ስምሽን አየሁ። የቤታችንን ቁጥር!» እንባዋ ባቄላው ላይ ይንጠባጠባል። «ስምሽን በምላጭ ቆርጬ፣ አድቅቄ መጸዳጃ ጨመርኩት። ቀሪውን የት ልጣለው? ባቃጥለው ጎረቤት ጭሱን አይቶ ይመጣል። ቆሻሻ ውስጥ ብከተው ሴቶቹ ከረጢት ፈተው እንደሚያዩ ታውቂያለሽ። ሣጥኑ ግን የማን እንደሆነ አይታወቅበትም። ቁልፉም በዚያ ወር የእኔ ተራ ነበር፤ ራሴ ከትቼ ራሴ ላወጣው፣ ራሴ ላስቆራርጠው። ማን ያውቃል ቀኑን አሳጥረው ቁልፉን ከእጄ እንደሚወስዱት? ወይዘሮ ኩሮይዋ ገጽ አሥራ ዘጠኝን ጮክ ብላ ስታነብ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።»

«አንዱን ብቻ ለምን ወሰድሽ?»

«በየወሩ አንድ አንድ እያልኩ ልጨርሰው። አንድ ሲጎድል ብታዪ…» አንገቷን ደፋች። «ብታዪ ጓደኛዬ ወሰደችው ትያለሽ ብዬ። ጠባይሽን አውቀዋለሁ ልጄ።»

ካርቶኑን ጎትቼ አወጣሁ። ያ ሲባጎ! ማሰር ያስተማረችኝ ማን ሆነና ነው የራሴ አስተሳሰር ያልኩት? በጣጠስኩት። አሥራ አንድ ነበሩ። ቁጥር አንድ የለችም። በሃገሩ ሁሉ ገጽ አስቆርጬ የቀረችው ያልታየች ቅጂ የካናኤ ብቻ አልነበረችም፤ የራሴም ነበረች። እናቴን ሰደብኳት፤ አሁንም ይቆጨኛል፤ ግን ከእሷ ይልቅ በራሴ ላይ ነበር የጮህኩት። ጃንጥላ ሳልይዝ ወጣሁ።

ደረጃውን በእጄም በእግሬም ነው የወጣሁት። ካናኤ ወለሉ ላይ፣ ታታሚ በሚባለው የገለባ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካ መጻሕፍቷን በጥቅል በጥቅል ታስራለች። ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሰፍቷል። ኒጋታ ከተማ ያለው ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ነው፤ ባቡሯ ከሰዓት ነው።

«ካናኤ፣ አንቺ አይደለሽም» አልኳት፤ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«አውቃለሁ» አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። የእናቴን ምላጭ፣ ቁልፉን፣ ካርቶኑን። ሲባጎዋን እያጠበቀች ሰማችኝ፤ የጎረቤትና የቆሻሻው ጉዳይ ላይ ፈገግ ያለች መሰለኝ። «ነገ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ ሥዕሉ የእኔ ነው እላለሁ» አልኩ። «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ እላለሁ!»

«በይ። ለእኔ ምንም አይመልስልኝም፤ ፈርሜያለሁ። እናትሽን ግን ማኅበሩ ያብጠለጥላታል። ቢሆንም በይ።»

«ያ የባንኩ ሰውዬስ?»

«ፎቶውን ያስቀረሁት ለቫዮሊን ጠጋኙ ፊት ይሆናል ብዬ ነበር። ጥሩ አገጭ አለው።»

«ታዲያ ለምን አላሳየሽኝም?» አልኩ። «አንድ ገጽ ነበር እኮ ካናኤ! ያኔውኑ ብታሳዪኝ ይሄ ሁሉ…»

እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ሰደደችና ቅጂዋን አውጥታ ዘረጋችልኝ። «እንኪ» አለች።

ተቀበልኳት። ይቅርታ ልጠይቃት ነበር፤ በእውነት፣ ቃሉ አፌ ላይ ነበር። ግን ጣቶቼ አላስጠየቁኝም፤ መጽሐፉን ከኋላ በኩል ገለጡት። የመጨረሻው ገጽ አለ። ቁጥር ሁለት፣ በእጄ የጻፍኩት። ቀና ስል እያየችኝ ነበር።

«አየሽ?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ቢቆጣ የምመርጠው ድምፅ ነበር። «ዛሬም የመጣሽው ማን እንደጣለው ስላወቅሽ ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ የጠበቅኩሽ፣ ሳታውቂ ትመጫለሽ ብዬ ነው።»